የአፈ ቅቤ ተራሮች

እኛ መጋረጃ ቤት በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ሜትር ነበር የምንላት። ደንበኛ መጥቶ «መስኮቴ ይህን ያህል ይሆናል» ብሎ ሁለት እጁን ሲዘረጋ፣ ከስፌቷ ቀና ብላ አንድ ጊዜ ታየውና «ሁለት ሜትር አይሞላም፤ አራት ጣት ይጎድለዋል» ትላለች። ሰውዬው ቤቱ ሄዶ ለክቶ ሲመለስ አራት ጣት ጎድሎ ይገኛል። የሱቁ ባለቤት እትዬ «ብረቱ ሜትር ቢሳሳት እንኳን የሷ ዓይን አይሳሳትም» እያሉ ለሰው ሁሉ ያወሩላት ነበር።

የኔና የሷ የስፌት መኪና ፊት ለፊት ነው። ቀና ስል እሷን አያለሁ፣ ቀና ስትል እኔን ታያለች፤ እንደዚያ ሆነን ስንት ዓመት ሠራን። በወሬ ላይ ቅመም መጨመር የማትወድ፣ ሳቋ ዘግይቶ የሚመጣ ሴት ናት። እኛ ስቀን ስንጨርስ እሷ ትጀምራለች፤ ከዚያ እሷን አይተን እንደገና እንስቃለን። ልጅ አልወለደችም። ስለዚያ አንስታ አታውቅም፣ እኛም ጠይቀናት አናውቅም።

ባሏ የሚሠራበት የመኪና መለዋወጫ መደብር ከኛ ብዙም አይርቅም። እግዜር ለዚያ ሰው አንደበት ነው የሰጠው። ያገለገለ የፍሬን ሸራ ይዞ «ይቺ እኮ ገና ከእናቷ ቤት ያልወጣች ልጅ ናት» ብሎ ይሸጣል፤ ገዢው እየሳቀ ይገዛል፣ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ያለቅሳል። እኛ አፈ ቅቤ አልነው። ተረቱ ሁለተኛ ግማሽ እንዳለው ማንም አይጠፋውም፤ ግን ሰው እየሳቀ ተረት እስከ መጨረሻው አይተርትም።

ነገሩ የጀመረው ከጣቷ ነው። መርፌው አውራ ጣቷን በስቶ አለፈ። «እንቅልፍ አጥቼ ነው» አለች። ቀጥሎ በሩን ትታ መቃኑን በግንባሯ ገጨችው። በመጨረሻ ለአንድ የስብሰባ አዳራሽ የታዘዘውን ከባድ መጋረጃ በሙሉ አንድ ስንዝር አሳጥራ ቆረጠችው። እትዬ ጨርቁን ዘርግተው አዩት፣ እሷን አዩዋት፣ እንደገና ጨርቁን አዩት።

«ሜትር፣ ምን ነካሽ?»

ጎንበስ ብላ ቁርጥራጩን መልቀም ጀመረች። የጨርቁ ዳር አልታየኝም ማለትን ፈርታ ነበር።

ሐኪም ቤት አብሬያት ሄድኩ። ዶክተሩ ዓይኗን በመብራት ካየ በኋላ ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አዙሮ ነው የነገራት።

«ከዓይንሽ ጀርባ ያለው ነርቭ እየሞተ ነው። ከዳር ጀምሮ ወደ መሐል ይዘጋል። የሞተውን መመለስ አይቻልም።»

«መነጽርስ ዶክተር?»

«መነጽር ለሚያይ ዓይን ነው» አለ፣ መጻፉን ሳያቆም።

«መቼ ነው የሚዘጋው?»

«በጋውን ካወጣልሽ ጥሩ ነው። ማየት የምትፈልጊው ነገር ካለ አሁኑኑ እዪ።» ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ቀጣይ!» አለ።

ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን አጥብቃ ይዛለች። «እኔ ምን አይቻለሁ?» አለችኝ። «ጨርቅ ነው ያየሁት። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው መስኮት ስጋርድ ኖሬ፣ የራሴ ሊጋረድ ነው።» ከሱቃችን የኋላ መስኮት፣ ከቆርቆሮ ጣሪያዎቹ ባሻገር፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን ሰማያዊ የተራራ መስመር ይታያል። እሱን እያየች «አንድ ቀን እዚያ ሄጄ ከወዲያ ምን እንዳለ አያለሁ» ትል ነበር፤ እኛም «ከወዲያማ ሌላ መጋረጃ ቤት ነው ያለው» እያልን እንቀልድባት ነበር። ያን ቀን ግን ማናችንም አልቀለድንም።

በማግስቱ አፈ ቅቤ ሱቃችን ድረስ መጣ። ደንበኞች ባሉበት መሐል ላይ ቆሞ እጇን ያዘ።

«እመቤቴ፣ ይህን በጋ ቅዳሜና እሁድ ቤት የምትውዪ እንዳይመስልሽ። ተራራ የተባለ ተራራ፣ ፓርክ የተባለ ፓርክ እያዞርኩ ዓይንሽን አጠግበዋለሁ። ጨለማው ሲመጣ ስንቅ ይኑርሽ።»

እትዬ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። መጋረጃ ሊያዝ የመጣ የማናውቀው ሰው እንኳን መሐረቡን አወጣ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን ከልቡ ነበር። ከልቡ ባይሆንማ ኖሮ ማን ያምነው ነበር?

መጀመሪያ የሄዱበት ብሔራዊ ፓርክ ከከተማው ግማሽ ቀን ያህል ይርቃል። መኪናውን የሚነዳው አፈ ቅቤ ነው፤ ከጎኑ ታናሽ እህቷ፣ ከኋላ እሷ። ታናሿ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ቆንጆ፣ ዋዘኛ፣ ለመሳቅ ሰበብ የማትፈልግ። «እህቴን ልደግፍ» ብላ ነው የተከተለቻቸው። ፊት የተቀመጠችው ደግሞ «ከኋላ ሲሆን ያዞረኛል» ብላ ነው። ለማየት የሄደችው ሰው ከኋላ ወንበር በሁለት ትከሻ መሐል እያየች ተጓዘች።

በሩ ላይ አረንጓዴ ካፖርት የለበሰ የፓርኩ ጠባቂ ተቀብሎ ገደሉ አፋፍ ድረስ አደረሳቸው። እሷ በሆዷ ተኛች። ያን ጊዜ የምታየው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው፤ ሌላው ቀና ብሎ በአንድ ጊዜ የሚጠግበውን እሷ በቁራጭ በቁራጭ ነው የምትለቅመው። አንዲት ቋጥኝ፣ ከቋጥኟ ስንጥቅ የበቀለች ዛፍ፣ ከዛፏ በታች እንደ ክር የቀጠነ ፏፏቴ። እነሱን እንደ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠመች በልቧ አንድ ሙሉ ገደል ሰፋች። ጠባቂው ጎኗ ተንበርክኮ «ወደ ግራ ትንሽ፤ አዎ፣ እሱ ንስር ነው፤ እንዳያመልጥሽ ጥላውን ተከተዪው» ይላታል። ባሏ ከኋላ ቆሞ የመኪና ቁልፉን ያቅጨለጭላል።

«አልጨረሽም እንዴ የኔ እመቤት?»

እህቷም «እታለም፣ ገደሉ የትም አይሄድም፤ የኔ ፊት ግን በፀሐይ አለቀ» አለች፤ ሁለቱም ሳቁ።

ሰኞ ጠዋት ሱቅ ስትገባ ፊቷ ሌላ ነበር። እጃችንን ከሥራ አንስተን ሰማናት። ስለ ንስሩ ነገረችን፤ ክንፉን ሳያወዛውዝ እንዴት እንደሚሄድ፣ ጥላው ከሱ ቀድሞ ድንጋዩን እንዴት እንደሚወጣ። ወሬ ላይ የማትጨምር ሴት ስለሆነች የነገረችን ሁሉ እዚያ እንደነበረ እናውቃለን።

ቀጥሎ ተራራ ላይ ወዳለ ሐይቅ ሄዱ። ከዚያ ዛፎቹ ሰማይ ወደሚነኩበት ደን፤ እዚያ የአጋዘን ጆሮ ብቻ አየች፤ ቅጠል መሐል ዝንብ ሲያባርር። አጋዘኗን እንዳላየች ስትነግረን ምንም አልከፋትም፤ «ጆሮዋ ይበቃኛል» ነው ያለችው። አፈ ቅቤ ደግሞ በሄዱበት ሁሉ ትከሻዋን አቅፎ ፎቶ ይነሳል፤ ፎቶው በስልክ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል፤ ምርቃቱ ይዘንባል። የመደብሩ አለቃ በሠራተኛ ሁሉ ፊት አመሰገነው። ከባላቸው ጋር የተጣሉ ሴቶች የሱን ፎቶ አውጥተው ለባላቸው ማሳየት ጀመሩ።

አንድ ሳምንት «የጭጋግ ተራራ» ብሎ የወሰዳት ቦታ ነበር። ዓይኗ በጣም ደክሞ ስለነበር ያየችው ነጭ ነገር ብቻ ነው፤ ከላይ ነጭ፣ ከታች ነጭ፣ መሐሉ ላይ የሱ ጥቁር ቅርጽ። «ደመና ውስጥ ቆሜ ነበር» ብላ ነገረችን። ያ ቦታ የት እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅንም። እህቷን ጠይቄያት «አላስታውስም» አለችኝ።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁላችንም ስፌት ላይ እያለን፣ ክር ልታስገባ መርፌውን አነሳች። ያዘችው፣ ቆየች፣ አወረደችው።

«መብራት ጠፋ እንዴ?» አለች።

የሁላችንም የስፌት መኪና እየጮኸ ነበር። አንድ በአንድ አቆምን። ሱቁ ጸጥ ሲል ገባት። «እሺ» ብቻ አለች። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችና ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እስከ ምሳ ድረስ ተቀመጠች።

እትዬ አላባረሯትም። ጣቷ ጨርቅ ያውቃል፤ ዘርፍ በእጇ ትቀመቅማለች፣ ሽንሽን ትቆነጥጣለች፣ እኔ ክር አስገብቼ አቀብላታለሁ። ባሏም ጉዞውን እንዲተወው ብትነግረውም «ቃሌን አላጥፍም» አለ። ይህን ያለው በእናቷና በጎረቤት ፊት ነው። እሷ እንደ ልጅ ተደሰተች። «ሽታው አለ፣ ነፋሱ አለ» አለችኝ። «የቀረውን እሱ ይነግረኛል። የሱ አፍ ለኔ ዓይን ነው።»

አሁን የምነግራችሁን ያኔ አላውቅም ነበር። የነገረችኝ ታናሽ እህቷ ናት፤ ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ፀጉር ቤቷ ሄጄ ራሴን እያጠበችኝ። ራሴ ገንዳው ላይ ተጋድሞ ስለነበር ፊቷን አላየሁም፤ እሷም ምናልባት ለዚያ ነው የተናገረችው።

የሜትር ዓይን በጠፋ በመጀመሪያው እሁድ አፈ ቅቤ ከከተማ እንደወጡ የመኪናውን ፍጥነት ቀነሰ። ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ የሚያይበት ቀጠሮ አለው። ወደ እህቷ ዞሮ በሹክሹክታ «ለማታይ ሰው ያን ሁሉ መንገድ መንዳት ምን ይሉታል? ለሷ ተራራው ምን፣ ጓሮው ምን?» አላት። እህቷ አፏን በእጇ ያዘች። እሱም መሪውን አዞረ። የከተማውን ዙሪያ መንገድ እየደጋገመ ዞረ፤ እሷ ከኋላ «ዳገቱን ጀመርን?» ስትል ማርሽ ቀይሮ ሞተሩን ያስጮኻል። «ጀመርን እመቤቴ፤ ጠመዝማዛው ይኸው።» መሪውን ግራና ቀኝ ያወዛውዘዋል፤ እሷ በሩን ይዛ ትስቃለች።

መጨረሻ ላይ የሚያቆመው ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ያለው የድንጋይ ካባ ነው። በሥራ ቀን ድንጋይ መፍጫው ጆሮ ያደነቁራል፤ እሁድ ግን ሠራተኛ የለም፣ ነፋስ ብቻ። እዚያ አውጥቶ ያቆማትና አፉን ይከፍታል። ከፊትሽ ሸለቆ ነው፣ ከሸለቆው ማዶ ሰባት ተራራ እንደ ወንድማማቾች ተደርድሯል፣ የመጨረሻው ትንሹ ነው፣ አናቱ ላይ በረዶ አለ። እህቷ ከስልኳ የወፍ ድምፅ ትከፍታለች። አንድ ቀን ደግሞ የፏፏቴ ድምፅ ከፈተች፤ እሱ ከሚጠጣው ውኃ በጠርሙሱ ክዳን እየቀዳ ፊቷ ላይ ረጨው። «ፏፏቴው እዚህ ድረስ ይረጫል፤ ቀረብ በይ!» እሷ ፊቷን ቀና አድርጋ፣ አፏን ከፍታ፣ እጇን ዘርግታ ቆመች። እህቷ ያን በስልክ ቀረጸችው። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ለደንበኞች አሳየችው፤ ሴቶቹ ራሳቸው ላይ ቢጎዲን እንደተጠመጠመ እስኪያለቅሱ ሳቁ።

«አንቺም ብታዪው ትስቂ ነበር» አለችኝ፣ ሳሙናውን ከጆሮዬ እያጠበች። «ጋሼ ሲረጫት፣ እሷ ደግሞ ምላሷን አውጥታ… በክፋት አይደለም እኮ። ደስ ብሏት ነበር። ደስ ካላት ምን ጎዳናት?»

ሜትር ምንም አልጠረጠረችም ማለት አይደለም። ጥርሷ ላይ አቧራ ሲንቀጫቀጭ ትጠይቀዋለች፤ «የደረቀ ወንዝ አሸዋ ነው» ይላታል። የአውቶቡስ ጥሩምባ ሲሰማ «ጎብኚዎች መጡ» ይላታል። ያመነ ሰው የቀረውን ምክንያት ራሱ ይሞላል። ሰኞ ሰኞ የምትነግረን ወሬ ደግሞ ከበፊቱ ይበልጥ አማረ፤ አፈ ቅቤ ፊቱ የሚታይ ነገር ሲኖር ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ምንም በሌለበት ግን ምላሱን የሚይዘው የለም። ሰባቱን ወንድማማች ተራሮች እኛ ሁላችን በስም እናውቃቸው ነበር። እትዬ «በጋው ሳያልቅ እኛንም ይውሰደን» እስከማለት ደረሱ።

በጋው ሊያልቅ ሲል በአንዱ እሁድ «ዛሬ ሜዳ ነው የማሳይሽ» አላት። «ተራራ አናት ላይ የተነጠፈ ሜዳ፤ ሳሩ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ማዶ የጥድ ዛፍ፣ በመሐል እንቅፋት የሚባል የለም።» እዚያው ካባ ነው። ከላይኛው ደረጃ ድንጋዩ ተለቅሞ ያለቀበት፣ ደልደል ያለ ቦታ አለ፤ ትንሽ ከሄዱ ግን ደረጃው ተቆርጦ የሁለት ሰው ቁመት ያህል ወደ ታች ይወርዳል።

«ሜዳ ከሆነ ብቻዬን ልሂድ?» አለችው። ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ የሰው ክንድ ሳትይዝ ተራምዳ አታውቅም።

ስልኩ ጠራ። የኳስ ጓደኞቹ ናቸው። «ሂጂ፣ ሂጂ፣ እስከ ጥዱ ድረስ ምንጣፍ ነው» አላትና ጀርባውን ሰጥቶ ማውራት ጀመረ። እህቷ መኪናው ውስጥ እግሯን አውጥታ ጥፍሯን ቀለም እየቀባች ነበር። ቀና ብላ አየቻት። እጇን ግራና ቀኝ ዘርግታ፣ ፊቷን ወደ ነፋሱ አቅንታ፣ መጀመሪያ ቀስ እያለች፣ ከዚያ ፈጠን፣ ከዚያ እንደ ልጅ እየዘለለች ስትሄድ አየቻት።

«አልጠራሻትም?» ብያት ነበር፣ ራሴን ከገንዳው ሳላነሳ።

«ጥፍሬ አልደረቀም ነበር» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ውኃውን ዘጋችውና «መጮኼን ጮኼያለሁ» አለች። «ዘግይቼ ነው እንጂ።»

ከካባው በታች በኩል አንድ ዘበኛ አለ፤ ከላይ የሰው ድምፅ ሰምቶ ሲወጣ ነው ድንጋይ ላይ ወድቃ ያገኛት። ይህን ያጫወተኝ እሱ ራሱ ነው። እግሯ በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል፣ ቀኝ እጇ ሥሯ ገብቷል። አልጮኸችም። እጁ ሲነካት መጀመሪያ ያለችው «ይቅርታ፣ ሳሩን አልፌ ሄድኩ መሰለኝ» ነው።

«የምን ሳር ልጄ?» አላት።

«አባባ፣ እርስዎ የፓርኩ ጠባቂ ነዎት?»

«የምን ፓርክ? የካባው ዘበኛ ነኝ።»

በግራ እጇ ሥሯን ዳበሰች። «የት ነው ያለሁት?»

«ካባው ውስጥ ነዋ! ከመናኸሪያው ጀርባ። ሰዎችሽ ከላይ ናቸው፤ በየሳምንቱ እሁድ ይዘውሽ ሲመጡ፣ አንዴም ከጠርሙስ ውኃ ሲረጩብሽ አይሽ የለም እንዴ? እኔማ ጸበኛ ቤተሰብ ነው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ እዚህ መጥቶ ነው የሚነጋገረው ብዬ ነበር።»

«በየሳምንቱ?» አለች።

«በየሳምንቱ።»

ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው። ዘበኛው «ሕመሙ አሁን ደረሰባት ብዬ ነበር» አለኝ። አፈ ቅቤ ከላይ አፋፉ ላይ ቆሞ ስልኩ አሁንም ጆሮው ላይ ነበር።

ሆስፒታል ስደርስ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ የቀኝ እጇ አንጓ ደቆ፣ በፋሻ ተጠቅልላ ተኝታለች። አልጋው ራስጌ ባሏ ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ ሥር ያወራል። በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁት።

«የኔ እመቤት፣ ሰው ሊመጣ ነው። ተራራ ላይ አዳልጧት ወደቀች ብያለሁ። እባክሽ አታዋርጂኝ።»

«ስንቱ ነው እውነት?»

«አሁን ይህ ምን ያደርግልሻል?»

«ስንቱ?»

እኔን አየና ቀና አለ። «እንኳን መጣሽ እህቴ» ብሎ አቅፎ አለቀሰብኝ። እንባው እውነተኛ እንባ ነበር፤ አንገቴን አረጠበው።

ጠያቂ ክፍሉን ሞላው። የመደብሩ አለቃ መጣ፣ እትዬ መጡ፣ ጎረቤት መጣ። የታመመችው እሷ ናት፤ የሚጽናናው እሱ ነው። «አይዞህ ወንድሜ፤ ለሷ ያደረግከውን ሰማይ ይክፈልህ» ይሉታል። እሱ አንገቱን ይደፋል። ያኔ እሷ አልጋዋ ላይ ሆና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«ተራራ አልወሰደኝም። የወደቅሁት ድንጋይ ካባ ውስጥ ነው። ዓይኔ ከጠፋ ጀምሮ የሚያዞረኝ እዚያ ነው። ፏፏቴ ነው ያለኝ በጠርሙስ የያዘውን ውኃ ነው።»

እህቷ መስኮቱ ጋ ሄዳ ወደ ውጭ አየች። አንዲት ጎረቤት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ «ማደንዘዣው ነው እናቴ» አለች። «የኔ አክስት ከቀዶ ጥገና ስትነሳ ሚኒስትሩ መጡ ብላ ለገዛ ባሏ እጅ ነስታለች።» አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላው። አልቅሰው የደከሙ ሰዎች መሳቅ አምሯቸው ነበር። አፈ ቅቤም ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ። እትዬ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ምስኪን፤ ዓይኗ ሲጠፋ አእምሮዋንም ይዞት ሄደ» አሉኝ። «እውነቷን ነው እትዬ» አልኳቸው። «አንቺ ደግሞ!» ብለው ክንዴን ቆነጠጡኝ። «በታማሚ ፊት ነገር አታባብሺ።»

ሰው ሲበተን እናቷ ቀሩ። በር ዘግተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«እማዬ፣ አንቺም አታምኚኝም?»

«አምኜሻለሁ። እህትሽ ነግራኛለች። ዝም በይ የምልሽም ስለማምንሽ ነው። ልጅ የለሽ፣ ዓይን የለሽ፣ አሁን ደግሞ እግርሽ። እሱ ከተወሽ ማን ይይዝሻል? እኔ? እኔ ራሴ የምራመደው ግድግዳ ይዤ ነው።»

«ሊገድሉኝ ነበር እኮ እማዬ።»

«አልገደሉሽም። ስለዚህ ኑሪ» አሉ። ከዚያ ትራሷን አስተካከሉላት፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አደረጉላት።

ዳሌዋ አጥሮ ገጠመ፤ አሁን አንድ እግሯን እየጎተተች ነው የምትሄደው። የባሰው እጇ ነው። አንጓዋ ጠምሞ ያዘ፣ ጣቶቿ ደነዘዙ፤ ሐርና ጆንያ መለየት አቃታት። ሱቅ ተመልሳ መጥታ አንድ ሽንሽን ለመቆንጠጥ ስትታገል፣ ጨርቁ ሲወድቅ፣ ጎንበስ ብላ ስትዳብስ፣ እትዬ ቆመው አይዋት። በሳምንቱ የስፌት መኪናዋ ላይ ሌላ ሴት ተቀመጠች። «እኔ የምነግደው መጋረጃ ነው፣ ምፅዋት አይደለም» አሉን። ቀና ስል የማላውቀውን ፊት ማየት ጀመርኩ።

ባሏ ቤት ተቀመጠች። ምግብ ይተውላታል፣ በር ቆልፎ ይሄዳል፤ «እንዳትወድቅ ብዬ ነው» ይላል። ማታ ሲመጣ እንደ ድሮው ያወራላታል፤ ዛሬ ሰማዩ እንዲህ ነበር፣ ጎረቤት እንዲህ የሚባል ቀለም ቀባ። መስኮት ተከፍቷል ሲላት እጇን ሰዳ ትዳብሳለች፤ ተዘግቶ ታገኘዋለች። ውሸት የሚጠቅመው ነገር ኖሮ አይደለም፤ ለምዶበት ነው። እሷም የነገራትን ሁሉ በእጇ መመርመር ጀመረች፤ ሳህኑን፣ ወንበሩን፣ ቀኑን ሳይቀር ከጎረቤት ሬዲዮ።

አንድ ጠዋት ስልኬ ጠራ። ባሏ በሩን ሳይቆልፍ ረስቶ ወጥቶ ነበር።

«ነይና ውሰጂኝ» አለች።

«ወዴት?»

«እሱ ወደማይነግረኝ ቦታ።»

ያለኝ ሁለት ጠባብ ክፍል ነው፤ አንዱን ለሷ ሰጠኋት። ሰፈሩ ጉድ አለ። የበላችበትን ወጪት ሰባሪ አሏት፤ ዓይኗን ስታጣ ያልተዋትን ሰው እሷ ተወችው አሉ። እናቷ አንድ ጊዜ መጥተው በር ላይ ቆመው ተመለሱ። እኔ ከሱቅ የመጋረጃ ቀለበት በከረጢት አመጣላታለሁ፤ በደህናው እጇ መንጠቆ እየሰካች ለእትዬ ትመልሳለች፤ እትዬ የማን ሥራ እንደሆነ እያወቁ አይጠይቁም።

አፈ ቅቤ መለዋወጫ መሸጡን ተወው። ዝናው ወጥቶ ስለነበር ሰው ሁሉ ተራራ ውሰደን ይለው ጀመር፤ ሚኒባስ ያዘና አስጎብኚ ሆነ። ቅዳሜና እሁድ ቦታ ለማግኘት አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል አሉ። ለሚያዩ ሰዎች እውነተኛውን ተራራ ነው የሚወስደው። ፊት ወንበር ላይ ታናሽ እህቷ ትቀመጣለች፤ ድምፅ ማጉያውን የምትይዘው እሷ ናት።

ባለፈው አከራያችን ከዚያ ጉዞ ተመልሳ ግቢው ውስጥ ቆማ ታወራልን ጀመር። ግቢውን የገዛችው ገና በቅርቡ ስለሆነ፣ አብራኝ ያለችው የማን ሚስት እንደሆነች አታውቅም። ገደሉን አወራች፣ ሐይቁን አወራች፣ የአስጎብኚውን አንደበት አድንቃ አልጠግብ አለች።

«ደግሞ ታሪኩ!» አለች። «ዓይነ ስውር ሚስት ነበረችው አሉ። ዓይኗ ሳይጠፋ ተራራ ሁሉ ሊያሳያት ሲያዞራት፣ አንዱ አፋፍ ላይ አዳልጧት እጁ ላይ ሞተችበት። የሚያስጎበኘው ለሷ መታሰቢያ ነው። እሱን ሲነግረን መኪናው ሙሉ አለቀሰ። እኔማ ስልኬን ጣልኩት።»

አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ጠማማዋን እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ ተጫነችኝ።

«የት ቀበራት?» ብላ ጠየቀች።

«እሱን አልነገረንም።»

«ነፍሷን ይማር» አለች።

«አሜን» ብላ አከራያችን ወደ ቤቷ ገባች። እሷ ከከረጢቱ ቀለበት አውጥታ መንጠቆውን ፈለገች። ስለዚያ ነገር ከዚያ ወዲህ አንስተን አናውቅም። አፈ ቅቤ አሁንም በየሳምንቱ ይሄዳል፤ መኪናው ሁልጊዜ ሙሉ ነው።